የምንጭ ክርክር በውክፔዲያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በአማርኛው ወይም በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ሲጽፉ «ይህ ምንጭ አይታመንም» ተብሎ ዋቢያቸው ለተሰረዘባቸው፣ እንዲሁም የሌላውን ሰው ዋቢ ሊሰርዙ ለተነሡ አርታኢዎች ነው። የሚጠቀሱት ደንቦች በአብዛኛው የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ናቸው፤ በዝርዝር ተጽፈው የሚገኙት እዚያ ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ተአማኒ ምንጭ የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው?

ውክፔዲያ የሚጠይቀው፣ የተጻፈው ነገር ቀደም ሲል ታትሞ የወጣ መሆኑን አንባቢው ራሱ ሄዶ ማረጋገጥ እንዲችል ነው። ምንጩ ሲመዘን ሥራው ራሱ፣ የጻፈው ሰውና ያሳተመው ድርጅት ሦስቱም ይታያሉ። ከመታተሙ በፊት ከጸሐፊው ሌላ ዐዋቂ ዐይን አይቶታል ወይ? ስሕተት ሲገኝበት እርማት ያወጣል ወይ? ጸሐፊው በጉዳዩ ላይ ጥቅም አለው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ምንጩ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈና የት አገር እንደ ታተመ አይጠይቁም።

ሆኖም አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው ገና ከጥያቄው ነው። «ይህ ጋዜጣ ታማኝ ነው?» የሚለው ግማሽ ጥያቄ ሲሆን፣ ሙሉው «ይህ ጋዜጣ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ይበቃል?» የሚለው ነው። አዲስ ዘመንን እንውሰድ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም የመንግሥት ጋዜጣ እንደ መሆኑ፣ አንድ ሚኒስትር በየትኛው ቀን እንደ ተሾመ ለመጻፍ ጥሩ ምንጭ ነው። መንግሥት ከተቃዋሚዎቹ ጋር በተጋጨበት ጉዳይ ግን የአንዱን ወገን ቃል የሚያቀርብ ስለሆነ፣ «መንግሥት እንዲህ አለ» ለማለት እንጂ «እንዲህ ሆነ» ለማለት ብቻውን አይበቃም። ጋዜጣው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በላዩ ላይ የተጫነው ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በብዛት ወደዚሁ ነጥብ ይመለሳሉ።

እውነቱን በዐይኔ አይቼ እያወቅሁ ለምን ምንጭ እጠየቃለሁ?

እርስዎ ማን እንደ ሆኑ አንባቢው ስለማያውቅ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮዝ በ2012 ስለ ራሱ ልብ ወለድ መነሻ የተጻፈውን ለማሳረም ሞክሮ፣ በሥራው ላይ የእሱ ቃል ዋና መሆኑ ቢታወቅም ሌላ የታተመ ምንጭ እንደሚያስፈልግ ተነገረው። ሮዝም በኒው ዮርከር መጽሔት በኩል ለውክፔዲያ ግልጽ ደብዳቤ አወጣ፤ ደብዳቤው ሲታተም ደግሞ ራሱ የሚጠቀስ ምንጭ ሆነ። ብዙዎች በአሠራሩ ሳቁ፤ ሣቁም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን በሌላው ወገን የደረሰውንም ማየት ይገባል። በ2005 የአንጋፋው ጋዜጠኛ የጆን ሲገንታለር የሕይወት ታሪክ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥሮ እንደ ነበር በሚያስመስል ሐሰት ተበክሎ፣ ለአራት ወራት ያህል ማንም ሳያርመው ቆየ። ያንን የጻፈው ሰው ምንጭ አልተጠየቀም ነበር። በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፍ አከራካሪ ነገር ምንጭ ከሌለው ውይይት ሳይጠበቅ ወዲያው እንዲነሣ የሚያዝዘው ደንብ የጠበቀው ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት በኋላ ነው።

ገድል፣ ዜና መዋዕል ወይም የውል ሰነድ በዋቢነት ይቀርባል ወይ?

ይቀርባል፤ የሚሸከመው ግን የተወሰነ ነው። ድርጊቱ በተፈጸመበት ዘመን ወይም በባለ ጉዳዩ ወገን የተጻፈው ቀዳማይ ምንጭ ይባላል፤ ያንን መርምሮ፣ ከሌላው ጋር አስተያይቶ የሚጽፈው ተመራማሪ ሥራ ደግሞ ካልኣይ ምንጭ ነው። ውክፔዲያ ትርጓሜውን ከካልኣዩ እንድንወስድ ይፈልጋል፤ አርታኢ ራሱ ሰነዱን አንብቦ የራሱን መደምደሚያ ቢያሰፍር አዲስ ምርምር አካሄደ ይባላል፤ ይህ ደግሞ አይፈቀድም።

ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚነሣው ክርክር ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ትውፊቱ ዐሥራ አንዱንም በቅዱስ ላሊበላ ዘመን የታነጹ አድርጎ ያቀርባል፤ መላእክት እንዳገዙትም ይነገራል። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን በበኩሉ ከሕንፃዎቹ አንዳንዶቹ ከንጉሡ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው መፈልፈል እንደ ጀመሩ ይከራከራል። ከውጭ የመጣ ሦስተኛ ወሬም አለ፤ ቴምፕላር የተባሉት የመስቀል ጦር ፈረሰኞች እጅ አለበት የሚለው። እንግዲህ አርታኢው ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሌሎቹን መሰረዝ የለበትም፤ ሦስቱንም እኩል መደርደርም የለበትም። ገድሉ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምታምን ለመግለጽ ከሁሉ የተሻለ ምንጭ ነው፤ «በትውፊቱ መሠረት» ተብሎ በስሙ ይጠቀሳል። የፊሊፕሰን ሐሳብ «ተመራማሪው እንደሚሉት» ተብሎ ከሚቃወሙት ምሁራን ሐሳብ ጋር ይቀርባል። የፈረሰኞቹ ወሬ የሙያው ሰዎች ስለማይቀበሉት ቦታ ቢያገኝ እንኳ ተቀባይነት እንደሌለው ተገልጾ በአንድ ሐረግ ይታለፋል። የገድሉን ስም ባነሡ ቁጥር «ተረት ነው» ብሎ የሚሰርዝ አርታኢ ያጋጥማል፤ የሚሰርዘው ዓረፍተ ነገር «ትውፊቱ ይላል» የሚል ከሆነ ተሳስቷል፤ «መላእክት አነጹት» የሚል ከሆነ ደግሞ ልክ ነው።

የውል ሰነድ እንኳ ያለ ተርጓሚ አይናገርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ በጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህ ግዴታ ሆኖ ቀርቧል። አንዱን ቅጂ ብቻ ጠቅሶ «ውሉ እንዲህ ይላል» የሚል አርታኢ ምንጩን አልዋሸም፤ አንባቢውን ግን ያሳስታል። ስለዚህ ልዩነቱን የተነተነ የታሪክ ጥናት ከሰነዱ ጎን መጠቀስ አለበት።

ከአባቶች የተሰማ፣ ያልተጻፈ ታሪክስ?

ባለበት ሁኔታ አይቀበሉትም፤ ይህም በጽሑፍ ብዙ ላልተመዘገቡ ሕዝቦች ከባድ ጉዳይ መሆኑ አይካድም። በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን በድምፅ ቀርጾ በዋቢነት የማቅረብ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ በተለያዩ ቋንቋዎች ጽሑፎች ተሠርተውበታል፤ ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አጠቃላይ ደንብ አላደረገውም። ለእኛ የሚበጀው መንገድ ትውፊቱን ቀድሞ የሰበሰበ ተመራማሪ መፈለግ ነው። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶችና በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ብዙ ጊዜ ሰው «የትም አልተጻፈም» የሚለውን ይዘው ይገኛሉ። የመመረቂያ ጥናቶችን በተመለከተ የዶክትሬት ጥናት ከማስተርሱ የበለጠ ይታመናል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ግን በጭራሽ ባይጠቀስ ይሻላል።

መጽሐፌ በአማርኛ የታተመ ነው፤ ኢንተርኔት ላይም የለም። ይህ ለመሰረዝ ምክንያት ይሆናል?

አይሆንም። ምንጭ በኢንተርኔት መገኘት የለበትም፤ በእንግሊዝኛ መጻፍም የለበትም። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የእንግሊዝኛ ምንጭን የሚያስቀድመው በጥራት እኩል የሆነ ሲገኝ ብቻ ነው። «ላነበው ስለማልችል ሰርዤዋለሁ» የሚል አርታኢ ደንብ አይደግፈውም።

ያም ሆኖ ተጠራጣሪው ለመጠራጠር ምክንያት አለው። በ2022 በቻይንኛው ውክፔዲያ አንዲት አርታኢ ስለ መካከለኛው ዘመን ሩስያ ከ200 በላይ ጽሑፎች ላይ የፈጠራ ታሪክ ስትጽፍ ለዓመታት መቆየቷ ተደርሶበታል፤ ለማስረጃ የምትደረድራቸውን የሩስያኛ መጻሕፍት ሄዶ የሚያይ ሰው አልነበረም። አማርኛ ለማያነብ አርታኢ የእርስዎም ዋቢ እንደዚያ ሊታየው ይችላል። ስለዚህ ደራሲውን፣ ርዕሱን፣ አሳታሚውን፣ ዓመቱንና ገጹን ሳያጓድሉ ይጻፉ፤ ጥያቄ ከተነሣም ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛው ገልብጠው ከትርጉሙ ጋር በውይይት ገጹ ላይ ያስፍሩት። ገጽ ሳይጠቀስ «እገሌ በመጽሐፉ እንዳለው» ማለት 400 ገጽ አንብቡልኝ ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ አማርኛ መጻሕፍትን የሚጎዳቸው ሌላ ነገር ነው። በአገራችን እጅግ ብዙ መጽሐፍ የሚታተመው በደራሲው ወጪ ነው፤ ውክፔዲያ ደግሞ በራስ የታተመ ሥራን በአብዛኛው አይቀበልም። አንዳንድ አርታኢዎች ይህንን ለማለፍ በሽፋኑ ጀርባ ያዩትን የማተሚያ ቤት ስም በአሳታሚ ቦታ ያስገባሉ። ብርሃንና ሰላም አተመው ማለት ግን ቀለምና ወረቀት አቀረበ ማለት እንጂ የመጽሐፉን ሐሳብ መርምሮ አጸደቀ ማለት አይደለም። አታሚና አሳታሚ ሁለት ናቸው። ደንቡ ራሱ የሚሰጠው የተሻለ መውጫ አለ፦ ደራሲው በሙያው የታወቀና በዚያው ጉዳይ ላይ ከእሱ ነጻ በሆኑ አሳታሚዎች ወይም መጽሔቶች ከዚህ በፊት የታተመ ከሆነ፣ በራሱ ወጪ ያወጣውም መጽሐፍ ሊጠቀስ ይችላል። በሕይወት ስላሉ ሌሎች ሰዎች ሲሆን ግን ይህም አይፈቀድም። የጡረተኛ ባለሥልጣን ማስታወሻ በዚህ ሚዛን ሲታይ ለራሱ ሕይወትና ለራሱ አመለካከት ይጠቅማል፤ ስለ ባላንጣዎቹ የጻፈው ግን የእሱ አባባል ሆኖ ብቻ ይቀርባል።

ሁለት ጥሩ ምንጮች የተለያየ ቀን ቢሰጡ የትኛውን ልመን?

መጀመሪያ በእርግጥ መለያየታቸውን ያጣሩ። በኢትዮጵያ ጉዳዮች ላይ «ምንጮቹ ይጋጫሉ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስምንት መደመር የለመደ አርታኢ 1975 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነውና። ከዚህ የረቀቀም አለ። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በጊዜው ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1900 እንደ ሌሎቹ አራተኛ ዓመታት አንድ ቀን ስላልተጨመረበት፣ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፍቷል። በዚህ የተነሣ አንዱ ማርች 1 ሌላው ማርች 2 እያለ ሲያራርም የሚኖር ገጽ ቢያዩ፣ ሁለቱም ምንጭ አላቸው፤ አንዱ የጦርነቱን ሌላው የበዓሉን ቀን ይዞ ነው።

እውነተኛ ልዩነት ሲሆን፣ ለምሳሌ በአንድ ጦርነት የሞቱት ሰዎች ቁጥር ሲለያይ፣ አማካይ መውሰድ ክልክል ነው። ማን ስንት እንዳለ በየስሙ ይጻፋል።

ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክስ?

ዩቲዩብ መጋዘን ነው፤ የሚመዘነው ፊልሙን የሠራው ድርጅት ነው። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በራሱ ገጽ የጫነው ቃለ ምልልስ እንደ ጣቢያው ይመዘናል፤ ደቂቃውን ጭምር ይጥቀሱ። ሌላ ሰው ቀድቶ የጫነው ግን የቅጂ መብት ጥያቄ ስለሚያስነሣ አገናኙ አይገባም። የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ባለቤቱ ስለ ራሱ ለተናገረው ብቻ ያገለግላሉ።

ጋዜጣው ከውክፔዲያ ራሱ የቀዳ ቢሆንስ?

ያን ጊዜ ምንጩ ምንጭ አይደለም። በ2008 አንድ ተማሪ ኮዋቲ ስለሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በሚናገረው ጽሑፍ ላይ «የብራዚል አርድቫርክ» የሚል የቀልድ ስም ጨመረ። ስሙ በጋዜጦችና በመጽሐፍ ሳይቀር እየተደገመ ሄደ፤ በኋላም እነዚያው ጋዜጦች ለስሙ ዋቢ ሆነው ተጠቀሱ። ነገሩ በ2014 ይፋ ወጣ። ጥርጣሬ ካደረብዎ በጽሑፉ የታሪክ ገጽ ገብተው ዓረፍተ ነገሩ መቼ እንደ ገባ ይመልከቱና ከጋዜጣው ቀን ጋር ያስተያዩት፤ ጋዜጣው ከኋላ የመጣ ከሆነና የራሱን ምንጭ ካልጠቀሰ ከእሱ በፊት የታተመ ማስረጃ ይጠይቁ።

የተከለከሉ ምንጮች ዝርዝር አለ ይባላል። እውነት ነው?

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በተደጋጋሚ የተከራከረባቸውን ምንጮች በደረጃ የከፈለበት ሰንጠረዥ አለው። ዴይሊ ሜይል የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በ2017 በአጠቃላይ እንዳይጠቀስ የተወሰነው በዚህ ዓይነት ሰፊ ውይይት ነው። ፎርብስ ደግሞ ተከፍሎ ይታያል፤ የመጽሔቱ ሠራተኞች የጻፉት ሲታመን፣ አምድ የተሰጣቸው የውጭ ጸሐፊዎች ሥራ በአብዛኛው አይታመንም፤ ሁለቱም የሚወጡት በአንድ ድረ ገጽ ነው። ሰንጠረዡ የቀደሙ ክርክሮች ማስታወሻ ስለሆነ፣ አንድ የአማርኛ ጋዜጣ በውስጡ አለመኖሩ አይታመንም ማለት ሳይሆን ማንም ተከራክሮበት አያውቅም ማለት ነው። ውሳኔውም የሚገዛው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ይወስናል።

አንድ አባል ዋቢዬን ደጋግሞ እየሰረዘ ነው። ምን ላድርግ?

መልሰው መልሰው አያስገቡት። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ መመለስ ልክ የሆነውን ሰው ጭምር ያሳግዳል። በአፍሪካ ቀንድ ጉዳዮች ላይ ደግሞ፣ አከራካሪ ርዕስ ተብለው ልዩ ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው፣ መጋቢዎች፣ ማለትም አባላትን የማገድ ሥልጣን ያላቸው አርታኢዎች፣ ከወትሮው ፈጥነው እርምጃ ይወስዳሉ። ወደ ውይይት ገጹ ይሂዱና ሦስት ነገር በአንድ አንቀጽ ያስፍሩ፦ የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል፣ ምንጩ ከነገጹ፣ እና ምንጩ ስለዚህ ጉዳይ ለምን እንደሚበቃ። የሰራዡን ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም ፖለቲካ አያንሡ፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር በኋላ ስለ ምንጩ የሚያወራ ሰው አይኖርም። ካልተግባባችሁ ስለ ምንጮች ታማኝነት ብቻ የሚመክረው የጋራ ሰሌዳ አለ፤ እዚያ የሚመጡት አባላት ስለ ጉዳዩ ምንም ላያውቁ ስለሚችሉ ያንኑ አንቀጽ ይዘው ይቅረቡ። የሚቆጠረው ድምፅ ሳይሆን የክርክሩ ጥንካሬ ነው፤ ወዳጆችን በቴሌግራም ጠርቶ ማሰለፍ ደግሞ ያጋልጣል እንጂ አይጠቅምም።

ብዙ ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር መሞከር ይበጃል፤ ዓረፍተ ነገሩን ማለዘብ። «ከተማዋ የተቆረቆረችው በእገሌ ነው» የሚለው ሲሰረዝ፣ «የታሪክ ጸሐፊው እገሌ እንደሚለው ከተማዋን የቆረቆረው…» የሚለው ያለ አንዳች ጠብ ይቆያል።

በአማርኛው ውክፔዲያ የሚዳኝ ሰው ባይኖርስ?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። ንቁ አርታኢዎች ጥቂት በሆኑበት ቦታ ሁለት ሰዎች «መግባባት ላይ ደርሰናል» ሊሉ ይችላሉ። የክሮኤሺያኛ ውክፔዲያ ለዓመታት በጥቂት መጋቢዎች እጅ ወድቆ ታሪክን ለአንድ ወገን ሲያጣምም እንደ ነበር ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2021 ባወጣው ግምገማ አረጋግጧል፤ እዚያ የተበላሸው ነገር ቢኖር ማን ምንጭ ይሁን የሚለውን የሚወስኑት ሰዎች እነርሱው መሆናቸው ነው። መድኃኒቱ ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ ግን ክርክሩን በስልክ ወይም በውስጥ መልእክት ሳይሆን በውይይት ገጹ ላይ በጽሑፍ ያድርጉት፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣ ሌላ አባል አንብቦ እንዲፈርድ።

ዋቢ እንዲፈልግልኝ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠየቅ እችላለሁ?

መጠየቅ ይችላሉ፤ ያልከፈቱትን መጽሐፍ መጥቀስ ግን አይችሉም። እነዚህ ፕሮግራሞች ደራሲ፣ ዓመትና ገጽ ያለው፣ ነገር ግን በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ ይፈጥራሉ፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱን የሚይዝ ካታሎግ ስለሚያንስ ይብሳል።

ክርክሩን ተሸንፌያለሁ፤ ግን ልክ እንደ ሆንሁ አምናለሁ።

ውሳኔው ማስረጃ ሲጨመር ይለወጣል፤ ያንኑ ማስረጃ በየወሩ ማቅረብ ግን ማሰልቸት ነው። የዊኪፒዲያ ላይብረሪ የሚባለው አገልግሎት ቢያንስ 500 አርትዖትና ስድስት ወር ላስቆጠሩ፣ በቅርቡ ወር 10 ላረሙና እገዳ ለሌለባቸው አባላት በክፍያ የተዘጉ የምርምር መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታል። ገጹ ብቻ ከቸገረዎ፣ መጽሐፉ በእጁ ያለ አባል ፎቶ አንሥቶ የሚልክበት የመለዋወጫ ገጽም አለ። እስከዚያው ድረስ የተሰረዘውን ዓረፍተ ነገር ከነዋቢው በውይይት ገጹ ላይ ይተዉት፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ አይሰረዝም።